ጉዳት፦ የለም

ደብተሩ ባለ መቶ ቅጠል ነው። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ አለ፤ ፊቱ በግራሶ ስለጠፋ ማን እንደሆነ አይለይም። ውስጡ በሰማያዊ ቢክ፣ አንዳንዴ በቀይ፣ አንድ ገጽ ላይ ደግሞ በከሰል፣ የ14 ዓመት የቧንቧ ፍንዳታ ተጽፎበታል። ጸሐፊው ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ ቢሰሙ ያፍሩብኛል። ማንበቡንስ አያነቡትም፣ ስልካቸው ያቺ ባለ ባትሪዋ ናት።

እኔ የምሠራው ከገላን ወዲያ ባለ አንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው የራሱ የውሃ ጉድጓድ አለው። ከጉድጓዱ እስከ ግቢያችን ታንከር 8 ኪሎ ሜትር ባለ 8 ኢንች መስመር ተዘርግቷል። ጋሼ የዚህ መስመር ጠባቂ ናቸው። አንድ ቀን ከላይ፣ አንድ ቀን ከታች እያሉ ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው ያዳርሱታል። መሬቱ ከረጠበ፣ ሣሩ ያለወቅቱ ከለመለመ፣ ውሾች አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲልሱ ካዩ ይቆማሉ። ከዚያ ይደውላሉ። ከዚያ ይጽፋሉ።

ባለፈው ዓመት አለቃዬ ጠራኝና «ይሄን መስመር እንቀይረው ወይስ እየለጠፍን እንቀጥል? ወሬ አልፈልግም፣ በቁጥር አሳየኝ» አለኝ። ቁጥር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ደብተሩን ጋሼን ለምኜ ወሰድኩት። ገጹ እንዳይገነጠል ብለው በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ማታ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ገብቼ ኤክሴል ከፈትኩ። መብራትም ነበረ። ሁለት ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ሰዓት ነው። ጋሼ «8፡30 ፈነዳ» ብለው ጽፈዋል። የቀን ነው የሌሊት? የፓምፑ መቆጣጠሪያ ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ 02፡30 ይላል፣ 14፡30 ይላል። ጋሼ እረፍት ሲወጡ ደብተሩን ይሞላ የነበረ አንድ ቴክኒሻን አለ፤ እሱም በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። የሱ 8፡30 ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የጋሼ 8፡30 ወይ ከምሳ በኋላ ነው ወይ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው። ቀኑም አለ። ጳጉሜን 3 የፈነዳውን ቧንቧ ኤክሴል አልቀበልም አለኝ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም።

ሁለተኛው ቦታ ነው። «ግራሩ ጋ»፣ «ከባሕር ዛፏ ዝቅ ብሎ»፣ «በሬው የሞተበት»። ግራሩ ተቆርጧል። ባሕር ዛፏ ያለችበት ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ ነው። በሬው የሞተበትን የሚያውቁት ጋሼና ምናልባት የበሬው ባለቤት ናቸው።

ሦስተኛው ምን እንቁጠር የሚለው ነው። ደብተሩ ላይ 31 ጽሑፍ አለ። አንዱ «ጅብ ታየ፤ ቧንቧው ደህና ነው» ይላል። ይሄ አይቆጠርም ብዬ አለፍኩ። «ቫልቭ አንጠባጠበ»ስ? «ቆጣሪ ተሰረቀ»ስ? ስካቫተር ቧንቧውን ጭሮት ውሃ ካልፈሰሰስ?

እኔ ብቻ አይደለሁም እዚህ ላይ የምቸገረው። የአውሮፓ የጋዝ መስመር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ተሰባስበው አደጋቸውን በአንድ ቋት ማጠራቀም ጀምረዋል፤ ቡድኑ ኢጂአይጂ ይባላል፣ መረጃው ወደ ኋላ እስከ 1970 ይሄዳል። የሚቆጥሩት በየብስ ላይ ያለ የብረት መስመር፣ ከ15 ባር በላይ ግፊት የሚሸከም፣ ከጣቢያ አጥር ውጪ ያለ ሆኖ ጋዝ ያለፈቃድ ሲያመልጥበት ነው። ተጭሮ ካላፈሰሰ እነሱም ጋ አይገባም። አሜሪካኖቹ የራሳቸው ወንፊት አላቸው። አንድ አደጋ «ከባድ» ለመባል ሰው መሞት ወይም ሆስፒታል መተኛት አለበት፤ ወይም ኪሳራው በ1984 ዋጋ 50,000 ዶላር መድረስ አለበት፤ ወይም ነዳጅ ከሆነ 50 በርሜል መፍሰስ አለበት፤ ሌላም ሌላም። የወንፊቱ ቀዳዳ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። ስለዚህ «እነሱ ጋ ይህን ያህል፣ እኛ ጋ ይህን ያህል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን መጀመሪያ የማየው ወንፊቱን ነው።

እኔ ውሃ የፈሰሰበትን ብቻ ይዤ ሌላውን ጣልኩት። 23 ቀረ። ያኔ ልክ መስሎኝ ነበር።

«23 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» አለኝ አለቃዬ በመካከል። እንዲሁ አይመለስም። ጎረቤቴ «ልጆቼ ቶሎ ቶሎ ይታመማሉ» ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ልጅ አለህ ብዬ ነው፤ ቀጥሎ በስንት ጊዜ። ቧንቧም እንደዚያው። ርዝመቱን በዕድሜው ታባዛለህ። 8 ኪሎ ሜትር በ14 ዓመት 112 «ኪሎ ሜትር-ዓመት» ይሆናል። 23ን ለ112 ስታካፍል 0.2 ገደማ ይመጣል። አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ በአምስት ዓመት አንዴ ይፈነዳል ማለት ነው።

የአውሮፓውያኑ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2016 ባለው መረጃ ለአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር-ዓመት 0.31 ነው። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ስትመልሰው በ3,200 ዓመት አንዴ ገደማ። ንግሥተ ሳባ ኢየሩሳሌም ሳትሄድ የተቀበረ ቧንቧ እስከ ዛሬ አንዴ ቢያፈስስ ነው። የእኛን አጠገቡ ሳስቀምጠው ብቻዬን ሳቅሁ። በእርግጥ አይወዳደርም። የእነሱ ወፍራም ብረት፣ በብየዳ የተያያዘ፣ የተለበጠ፣ ዝገት እንዳይበላው ኤሌክትሪክ የሚላክበት ነው። የእኛ በጎማ ቀለበት የተሰካካ ዲሲአይ የሚባል የብረት ቧንቧ ሆኖ መረሬ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። መረሬን የዚህ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ እግር ያስገባል። ክረምት ላይ ያብጣል። ቤት ያዘመመ አፈር ቧንቧን አይምርም።

ከዚያ በምክንያት ከፋፈልኩት። 9 በቁፋሮ ማሽን የተመታ፣ 7 መገጣጠሚያው የተላቀቀ፣ 4 የዛገ፣ 3 «ምክንያቱ አልታወቀም»።

እነዚህ «አልታወቀም» የተባሉት ከነከኑኝ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፦

«አንዱ የነዚያ የችግኝ ልጆች ናቸው። ውሃ ፈልገው። ልጽፋቸው?»

አልታወቀም ማለት ለካ ታውቋል፣ ግን አይጻፍም ማለት ኖሯል። ይሄም ቢሆን የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በአውሮፓ የነዳጅ መስመሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ቧንቧ በስቶ መስረቅ ከሌላው የመፍሰስ ምክንያት ሁሉ በልጦ ነበር። ልዩነቱ እነሱ «ስርቆት» ብለው መጻፋቸው ነው። ጋሼ ግን ነገ በዚያው መንገድ ብቻቸውን ነው የሚያልፉት። አልፈረድኩባቸውም።

በማሽን የተመቱትን 9ኙን በዓመት ስደረድራቸው ሌላ ነገር ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት አንድ ብቻ። ባለፉት 6 ዓመታት 8። መንገዱ መጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ ፋይበር ቀባሪው መጣ። የ14 ዓመቱ አማካይ ይሄን ሁሉ አለስልሶ አንድ ያደርገዋል። አማካዩ የሚነግርህ ዛሬ ስለሌለ መስመር ነው፤ ግማሹ ዕድሜው ማሳ ውስጥ ያለፈ ነዋ። ኢጂአይጂዎችም ከጠቅላላው አማካይ ጎን የአምስት አምስት ዓመት አማካይ እያንከባለሉ የሚያሳዩት ለዚህ ነው። እነሱ ጋ ግን ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚንከባለለው።

አሁን ያሳፈረችኝን ልናገር። ከ8ቱ ኪሎ ሜትር 3ቱ ከአምስት ዓመት ወዲህ በኤችዲፒኢ ተቀይሯል፤ ያ ጥቁሩ ፕላስቲክ። ከተቀየረ ጀምሮ አንድም አልፈነዳም። ለአለቃዬ «አዲሱ ፍጹም ነው» ብዬ ልጽፍ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ከዚያ በተማሪነቴ የሰማኋት አንዲት ዘዴ ትዝ አለችኝ። አንድ ነገር ጨርሶ ካልተከሰተ 3ን ላየኸው መጠን አካፍል፤ እውነተኛው ድግግሞሽ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ከዚያ አይበልጥም። 3 ኪሎ ሜትር በ5 ዓመት 15 ነው። 3 ለ15፣ 0.2። ከመስመሩ አማካይ ጋር እኩል! ደብተሩ አዲሱ ቧንቧ ይሻላል አይልም። ገና አላየሁም ነው የሚለው። ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ግን የማምነው ስለ ፕላስቲኩ ከማውቀው ተነስቼ ነው። ከዜሮዋ ምንም አላገኘሁም።

የተላቀቁት 7ቱ መገጣጠሚያዎች በአጋጣሚ ነው የተፈቱልኝ። የጄኔሬተር ክፍሉ ልጅ የራሱ መዝገብ አለው፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይጽፋል፣ ለናፍጣ ሒሳብ ነው። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ከ7ቱ 5ቱ መብራት በመጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሆኑ ናቸው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፣ እየሮጠ የነበረው ውሃ ተመልሶ ቼክ ቫልቩን፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚዘጋውን፣ ይጋጫል። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ባንዴ ይነሳል፣ አየር የገባበትን ቧንቧ ይመታዋል። ዋተር ሃመር የምንለው ነው። ደብተሩ «መገጣጠሚያ ተላቀቀ» ይላል። እሱ የታየው ነው። ያላቀቀው ሌላ መዝገብ ውስጥ፣ ሌላ ክፍል፣ የናፍጣ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዛጉት 4 አንዱን ቁራጭ ወርክሾፕ ውስጥ አግኝቼ በብሩሽ አጸዳሁት። ዝገቱ ስር አራት ጎን ለጎን የሆኑ ጭረቶች አሉ። የስካቫተር ጥርስ። ማለትም አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ነክቶታል፣ አልፈሰሰም፣ አፈር መልሶበት ሄዷል። ሽፋኑ ተልጦ መረሬው ሥራውን ሠርቷል። ታዲያ ይሄ «ዝገት» ነው ወይስ «ቁፋሮ»?

በቧንቧ ዓለም ይሄ ታሪክ ሰው ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ የቤንዚን መስመር ፈንድቶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ተቀጣጠለ። ሦስት ሰው ሞተ፤ ሁለቱ የአሥር ዓመት ልጆች ነበሩ። መስመሩ በቁፋሮ የተጎዳው በ1994 ነው። አምስት ዓመት ቁስሉን ይዞ ተቀምጧል። ቤልጂየም ጊላንጊየን ላይ በሐምሌ 2004 የሆነውም የዚያው ዘመድ ነው። በግንባታ ማሽን የተጫረ የጋዝ ቧንቧ ቆይቶ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል፣ ፈነዳ። 24 ሰው ሞተ። ስለዚህ ያ ውሃ ካልፈሰሰ አይቆጠርም ብዬ የጣልኩት ጽሑፍ፣ «ስካቫተር ነካው፣ ደህና ነው» የሚለው፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚጣል አልነበረም። ተመልሼ አነሳሁት። ጅቡን ብቻ ተውኩት።

እዚህ ድረስ ስለ «ስንት ጊዜ» ነው ያወራሁት። ስጋት ግን ሁለት እግር አለው፤ ስንት ጊዜ ይሆናልና ሲሆን ማንን ያገኛል። ለሁለተኛው ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ አለ። «ጉዳት» ይላል። ዓምዶቹን አስምሬ ለጋሼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን። 23ቱም ላይ ያለው ቃል ወይ «የ6 ሰዓት ምርት ቆመ» ነው ወይ «የለም» ነው።

ግራሩና በሬው የሞተበት የት እንደሆኑ ለማወቅ ከጋሼ ጋር መስመሩን በእግር ሄድነው። ኪሎ ሜትር 5 ላይ አንድ ጭቃ ቤት አለ። ከቧንቧው 11 ሜትር፣ በሜትር ለክቼዋለሁ። የጎን ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ሌላ ነው፣ አዲስ ጭቃ። ጋሼ ዱላቸውን ወደዚያ ቀሰሩና «የሐምሌው» አሉኝ። ደብተሩን ገለጥኩ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ፣ ሌሊት፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ተጠገነ፣ ጉዳት፦ የለም። ከስሩ ፊርማ። የእኔ ፊርማ።

ሴትዮዋ በር ላይ ነበሩ። እማማ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስለዚያ ሌሊት ጠየቅኋቸው።

«ዝናብ መስሎኝ» አሉ። «ሐምሌ አይደል? ኋላ ግን ጆሮዬን ብሰጥ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ቆርቆሮ ዝም ብሎ ቤት ውሃ ይሞላል?»

ግማሽ ኩንታል ጤፍ መሬት ላይ ነበር፣ በጆንያ። ሊያሰጡት ሞከሩ፣ ፀሐይ የለም፣ በቀለ። ግድግዳው ወደ ውጪ ነው የወደቀው። ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እዚያ ጥግ የልጅ ልጃቸው ተኝቶ ነበር። ጠዋት ፋብሪካው በር ድረስ መጥተው ነበር። ዘበኛው ኃላፊ የለም ብሎ መለሳቸው። ያን ቀን ኃላፊው ቢሮ ቁጭ ብሎ ቅጽ እየሞላ ነበር። እዚህ ላይ ኃላፊው ማን እንደሆነ መድገም አያስፈልገኝም።

«ቤቱን ቧንቧው አጠገብ ሲሠሩ ማንም አልነገረዎትም?» አልኩ። እንዲያው ልከላከል ብዬ ነው።

«የቱ ቧንቧ?» አሉኝ። «ቧንቧው ሲመጣ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ለቆፋሪዎቹ ጠላ የሸጥኩላቸው ማን ሆነና!»

እሳቸው ከቧንቧው በፊት የነበሩ ናቸው። ሌሎቹ ግን በኋላ ነው የመጡት። ያኔ ኪሎ ሜትር 5 ላይ የእሳቸውን ጨምሮ ሦስት ቤት ነበር ይላሉ ጋሼ። አሁን ከመስመሩ ግራና ቀኝ 20 ሜትር ውስጥ 40 ቤት ቆጠርኩ። ቧንቧው ቅንጣት አልተቀየረም። ያው ውፍረት፣ ያው ግፊት፣ ያው ጎማ። ያ የመጀመሪያው ፍንዳታ ሽምብራ ያጠጣ ነበር። ዛሬ ያው ፍንዳታ ሰው አልጋ ስር ይገባል። የፍንዳታ ቁጥር ብቻ የምትቆጥር ከሆነ ይሄን ለውጥ በፍጹም አታየውም።

አሜሪካኖች ለጋዝ መስመር ይሄን የሚይዙበት ዘዴ አላቸው። ከቧንቧው ግራና ቀኝ 200 ሜትር ገደማ ይወስዱና በአንድ ማይል ርዝመት ውስጥ ሰው የሚኖርበትን ሕንፃ ይቆጥራሉ። 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደረጃ 1 ነው። 46 ሲደርስ ደረጃ 3። ባለ አራት ፎቅና ከዚያ በላይ የበዛበት ደረጃ 4። ሰው በመጣ ቁጥር ደረጃው ይነሳል፤ ደረጃው ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ወይ ግፊቱ ይቀነሳል ወይ ቧንቧው ይጠነክራል። የእኔ ሰፈር ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም ነው። ቀጥታ ደረጃ 4። ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት «እንኳን ደስ አለን» አለችኝ።

ለጋዝ ቧንቧ የእሳቱን ክበብ የሚገምት አንድ ቀላል ቀመር አለ። ግፊቱን በፒኤስአይ (የአሜሪካኖች የግፊት መለኪያ ነው)፣ የቧንቧውን ስፋት በኢንች ወስደህ፣ ስፋቱን በራሱ አባዝተህ፣ በግፊቱ አባዝተህ፣ ስኩዌር ሩቱን በ0.69 ታባዛለህ። የሚመጣው በጫማ ነው። 30 ኢንች በ400 ፒኤስአይ ቢሆን 414 ጫማ፣ 126 ሜትር ገደማ። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወርጄ 126 ሜትርን በእርምጃ ለካሁት። ከብሎካችን በር ተነስቼ የሱቁን፣ የጀበና ቡናዋን፣ የጎሚስታውን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር አልፌ ነው ያለቀው። ዳቦው ተረስቶኝ ተመለስኩ።

30 ኢንች ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 የፈነዳው የጋዝ መስመር ስፋቱ እሱ ነው። 8 ሰው ሞተ፣ 38 ቤት ወደመ፣ ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ። ቧንቧው በ1956 የተቀበረ ነው። በኩባንያው መዝገብ ላይ ስፌት የሌለው ተብሎ ተጽፏል። ከመሬት ሲወጣ በቁመቱ የተበየደ ስፌት ነበረው፣ ያውም በቅጡ ያልተበየደ። ስጋቱን ሲያሰሉ የኖሩት ለሌለ ቧንቧ ነው። እኔ የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ሳማ የነበርኩ ሰውዬ እዚህ ላይ ጸጥ አልኩ። ጋሼ ያላዩትን አይጽፉም።

ቅርባችንም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2011 ናይሮቢ፣ ሲናይ በሚባለው የደሳሳ ቤቶች ሰፈር፣ ከመስመር ያመለጠ ነዳጅ በፍሳሽ ቦይ ገብቶ ሲወርድ ሰው በባልዲ ሊቀዳ ወረደ። ተቀጣጠለ። 100 የሚያህል ሰው ሞተ። ሰፈሩ ቧንቧው ላይ ተጠግቶ ያደገ ነው።

እኛ ነዳጁን ዛሬም ከጅቡቲ በቦቴ ነው የምናመጣው። ከጅቡቲ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ይዘረጋል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር፤ አልተዘረጋም። አንድ ቀን ቢዘረጋ ግን የስጋት ጥናቱን የሚሠራው ሰው የራሳችን መረጃ ስለሌለው ያንን 0.31 ወይም ወንድሙን ከፈረንጅ ጥራዝ አንስቶ እንደሚገለብጥ ከወዲሁ ይታየኛል። ያ ቁጥር ውስጥ የእነሱ ቧንቧ ብቻ አይደለም ያለው። የእነሱ አቆፋፈርም አለበት። አሜሪካ ውስጥ መቆፈር የሚፈልግ ሰው 811 ይደውላል፣ ከመሬት በታች ያለው መስመር በቀለም ምልክት ይደረግለታል። የእኛ 811 ጋሼ ናቸው። በቀን ግማሽ መስመር፣ በዱላ። የሲሚንቶ ምልክቶችም ተክለን ነበር። አንዱን ጀበና ቡና ቤት ውስጥ መቀመጫ ሆኖ አገኘሁት። ተቀምጬበታለሁ፣ ይመቻል።

ሪፖርቱን ይዤ ገባሁ። ኪሎ ሜትር 2 ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ነው፣ 9 ጊዜ። ዙሪያው ማሳ ነው። ኪሎ ሜትር 5 ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን 40 ቤት። እኔ መጀመሪያ 5 ይቀየር አልኩ። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ «ዘጠኙን ትቼ ነው ሦስቱን? ገልብጠኸዋል» አለኝ። አስረዳሁት። «እነሱ ናቸው እኮ መስመራችን ላይ የመጡት» አለ። የጠላዋን ነገር ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አልሳቀም።

በመጨረሻ ለዘንድሮ 600 ሜትር ተፈቀደ፣ ቤቶቹ ፊት ያለው። ፓምፑን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያም ተገዛ፤ እሱ ወዲያው ነው የተፈቀደው፣ ምርት ስለሚነካ። ለእማማ አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ሄደ። የግድግዳው ወጪ ግን ማስረጃ የለውም ተብሎ ፋይናንስ መለሰው። ማስረጃ ተፈልጎ የተገኘው ወረቀት አንድ ነው። ጉዳት፦ የለም ይላል፣ ፊርማዬ አለበት። ጭቃውን በራሴ ደመወዝ ከፈልኩ። ይሄን የምጽፈው ለምስጋና አይደለም፤ ፋይናንስ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ያነባል፣ ለዚህ ነው።

ለጋሼ አዲስ ደብተር ገዛሁላቸው። «ጉዳት» የሚለውን ዓምድ አወጣሁት። በምትኩ ሁለት አሰመርኩ። አንዱ «ባይፈስም የተነካ» ነው። ሌላው «አጠገቡ ማን አለ»። ጋሼ ሁለተኛውን አንብበው «ሰው ልቁጠር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ማሳስ?» ማሳም።

ባለፈው ማክሰኞ ገለጥኩት። አንድ አዲስ መስመር ተጽፏል፣ በሰማያዊ ቢክ። «ስካቫተር ነካው። አልፈሰሰም። ቆሜ አስቆፍሬ አየሁ፣ አራት ጭረት። አጠገቡ፦ 3 ቤት፣ ባለ ሱቁ፣ አንዲት አራስ። 8፡30። የቀን።»